ከሙዚየም ጋር ማስተማር፦ ጉብኝት፣ የውሰት ሣጥን ወይስ ስክሪን?

ሙዚየሞች ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርቡት ነገር በዝቷል። አስጎብኚ ይመድባሉ። ቅርስ በሣጥን አሽገው ያውሳሉ። ባለሙያ ወደ ክፍል ይልካሉ። ፎቶና ዙሪያውን እያዞሩ የሚያዩት የስሪዲ ምስል በነፃ ይለቃሉ። መምህሩ ግን በእጁ ያለው አንድ ቀን ነው። አንዳንዴም አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ታዲያ የቱን ይምረጥ?

ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚጀምረው ሙዚየሙ ካለው ነገር ነው። «ምን ምን አላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የተገኘው ይወሰዳል። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ተማሪው ከቅርሱ ጋር ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት? ቆሞ እንዲያየው? እንዲዳስሰው? ከሌላ ጋር እንዲያነጻጽረው? እንዲከራከርበት? ይህ ከተመለሰ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቅርስ ይዘን እንጓዝ። ኒፑር በዛሬዋ ኢራቅ ደቡባዊ ክፍል የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከዛሬ 3,800 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ጽሕፈት የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ደብተራቸው ጭቃ ነው። ከመልመጃዎቻቸው መካከል ክብ ሆነው፣ መዳፍ ላይ በሚያርፍ መጠን የተሠሩ ጽላቶች፣ ማለትም የጭቃ መጻፊያ ሰሌዳዎች አሉ። መምህሩ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል። ተማሪው ከሥሩ ወይም ከጀርባው እያየ ይጽፋል። የመምህሩ እጅ የረጋ ነው። የተማሪው ምልክት ይንጋደዳል፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ቦታ ያጥረዋል። በፊላደልፊያ የሚገኘው የፔን ሙዚየም ከኒፑር የመጡ ብዙ የተማሪ ጽላቶች አሉት። የዛሬ ተማሪ የዚያን ዘመን ተማሪ ስህተት ሲያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ለዚህ ነው የመረጥኩት።

ወደ ሙዚየሙ መሄድ

የጉብኝት ትልቁ ሀብት ኦሪጅናሉ ነው። ጽላቱ መስታወት ውስጥ ነው፤ አይነካም። ግን እሱ ራሱ ነው። ያ ልጅ በእጁ የያዘው ጭቃ ነው። ልጆች ሙዚየም ውስጥ ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ «የእውነት ነው?» የሚል ነው። መልሱ «አዎ» ሲሆን ሁኔታቸው ይለወጣል። ይህን የትኛውም ፎቶ አይተካውም።

ሌላው መጠን ነው። አንዳንድ ነገር በአካል ካልታየ አይገባም። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ከዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም 25 ሜትር ይረዝማል። ቁጥሩን በመጽሐፍ ማንበብ ቀላል ነው። ከሥሩ ቆሞ ቀና ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉብኝት በቶሎ የሚረሳ ሽርሽር ነው ለሚሉ ጥሩ መልስ አለ። ጆን ፎክና ሊን ዲርኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ጥናት 128 ሕፃናት፣ ታዳጊዎችና አዋቂዎችን በመጀመሪያ የትምህርት ዓመታቸው ስለሄዱበት ጉብኝት ጠየቁ። 96 በመቶው አንዱን ጉብኝት ማስታወስ ችለዋል። ትልልቆቹ ሳይቀሩ።

ከዚያ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የአሜሪካው ክሪስታል ብሪጅስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ብዬ አምናለሁ። ሙዚየሙ አርካንሶ ውስጥ በ2011 ሲከፈት የትምህርት ቤቶች ጥያቄ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ስለዚህ ዕጣ ወጣ። ተመራማሪዎች ይህን ዕድል ተጠቅመው ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። ጥናቱ ከ123 ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 10,912 ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። የጎበኙት ልጆች አዲስ ሥዕል ሲሰጣቸው አስተውለው የመተንተን ችሎታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ለውጡ ይበልጥ የታየው ከገጠርና ድህነት ከበዛባቸው ትምህርት ቤቶች በመጡት ላይ ነው። ዝርዝርም አልጠፋባቸውም። የባርነት ተቃዋሚዎች በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን ስኳር ለመተው ከዛፍ ጣፋጭ ሲያወጡ የሚያሳየውን ሥዕል ካዩት ውስጥ 88 በመቶው ከሳምንታት በኋላም ፍሬ ነገሩን ያውቁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚያ ልጆች በአንድ ሰዓት ውስጥ የተወያዩባቸው ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ናቸው። ሃምሳ አይደሉም። አምስት።

ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው እዚህ ነው። አውቶቡስ ተከራይተናል፣ እስከዚህ ድረስ መጥተናል፣ ስለዚህ ሁሉም ይታይ ይባላል። ልጆቹ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ይነዳሉ። ዓይን አዋጅ ይሆንባቸዋል። ሦስተኛው አዳራሽ ላይ የሚያዩት ቅርሱን ሳይሆን የጓደኛቸውን ጀርባ ነው። ለአንድ ሰዓት ከአምስት እስከ ስድስት ቅርስ ይበቃል። የቀረው ይቅር። የሚወደው ልጅ ቤተሰቡን ይዞ ይመለሳል።

ሌላው እንቅፋት የቦታው አዲስነት ነው። ፎክና ባልደረቦቹ በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ልጆች ወደማያውቁት ቦታ ሲሄዱ ትኩረታቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ቦታው ላይ ነው። ትምህርቱ ወረፋ ይጠብቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከቀኑ በፊት መግቢያው ምን እንደሚመስል አሳዩዋቸው። መጸዳጃው የት ነው? የት ይበላል? ስንት ሰዓት ይመለሳል? እነዚህ ተራ የሚመስሉ ጥያቄዎች ናቸው። በ1980 በዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ የተሠራ ጥናት ግን ስለ ቀኑ ውሎ ቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ምንም ካልተዘጋጁት የተሻለ እንደተማሩ አሳይቷል። ስለዚህ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት።

አስጎብኚ ወይስ እናንተ ራሳችሁ?

የሙዚየሙ አስጎብኚ ቅርሱን ያውቃል። እናንተ ልጆቹን ታውቃላችሁ። የቱ ይበልጣል?

መልሱ በአስጎብኚው ይወሰናል። አንዳንዱ ልጆቹን ፊቱ አቁሞ ዓመተ ምሕረት ያወርዳል። እሱ ከሆነ ያለሱ ይሻላል። ሌላው ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ የልጁን መልስ ተቀብሎ ወደ ሌላው ያሻግራል። እንዲህ ዓይነቱን ካገኛችሁ አትልቀቁት። ከመያዛችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ «ልጆቹ የሚናገሩት ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በሚመልሱት ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ።

ራሳችሁ የምትመሩ ከሆነ ደግሞ አዋቂ መሆን አይጠበቅባችሁም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አቢጌይል ሃውሰንና በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት ዘዴ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንደዚያ ያስባለህ ምን አይተህ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። ልጁ ግምቱን ከሚያየው ነገር ጋር እንዲያያይዝ ያስገድደዋል። ዘዴው ለሥዕል የተዘጋጀ ቢሆንም ጽላቱ ላይም ይሠራል። «ይሄ የልጅ ጽሑፍ ነው» ይላል አንዱ። «ምን አይተህ?» «ከላይ ያለው ቀጥ ብሏል፣ ከሥር ያለው ይንሸራተታል።» ታሪክ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ስለ መሥሪያ ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። ባዶ ቦታ ሙላ የሚል ወረቀት የያዘ ልጅ ቅርሱን አያይም። የሚያየው ከጎኑ የተለጠፈውን መግለጫ ነው። መልሱ እዚያ ስላለ ይገለብጥና ወደ ሚቀጥለው ይሮጣል። ወረቀት ግድ ከሆነ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ስጡት፤ አንድ ቅርስ መርጦ ይሣል። የሚሥል ልጅ ቀና ጎንበስ እያለ ደጋግሞ ያያል።

የውሰት ሣጥን

ሙዚየሙ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣስ? ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ትምህርት ቤቶች ከ1904ቱ የዓለም ትርኢት የተረፉ ዕቃዎችን ሰብስበው በ1905 የትምህርት ሙዚየም ከፈቱ። ዕቃዎቹ በፈረስ ጋሪ ተጭነው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞሩ ነበር። የእንግሊዙ ሬዲንግ ሙዚየም ከ1911፣ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ያውሳሉ። አሠራሩ ይህን ያህል የቆየው ስለሚሠራ ነው።

በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው የትኛውም ቅርስ አይደለም። ብዙ ሙዚየሞች ከዋናው ስብስብ ለይተው የሚነካ ስብስብ ያደራጃሉ። በብዛት ያለ፣ የተሰበረ፣ የት እንደተገኘ በውል ያልተመዘገበ፣ ወይም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ቅጂ ወደዚህ ይገባል። ቀስ በቀስ እንደሚያልቅ ታውቆ ነው የሚሰጠው። ይህን ማወቅ ለመምህሩም ይጠቅማል። ልጆቹን ሲያሸማቅቅ አይውልም።

ዋናው ስብስብ ለምን አይመጣም? ምክንያቱ ስስት አይደለም። ለምሳሌ ጨርቅ፣ ብራናና የውሃ ቀለም ሥዕል ብርሃን ይጎዳቸዋል። ጉዳቱ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሙዚየሞች ለእነዚህ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያወርዱታል። ተራ ክፍል ደግሞ 300 ሉክስና ከዚያ በላይ ነው። ሌላም አለ። ድሮ ገለባ ተሞልተው የተሠሩ እንስሳትና ወፎች ከነፍሳት እንዲጠበቁ አርሴኒክ ይቀቡ ነበር። መርዙ ዛሬም ላባው ላይ አለ። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ የድሮ ወፍ ቤተ ሙከራችሁ ቁም ሳጥን ላይ ካለ ልጆች እንዳይነኩት፤ አስመርምሩት።

አሁን ጽላታችን በሣጥን ሲመጣ እናስበው። ኦሪጅናሉ አይመጣም፤ የሚመጣው ቅጂው ነው። አብሮትም የጥንቱን ብዕር ያህል የተቆረጠ ሸምበቆ ይኖራል። እናንተ ጭቃ ታዘጋጃላችሁ። ልጆቹ መጀመሪያ እንደ እርሳስ ሊስቡት ይሞክራሉ። ጭቃው ይቀደዳል፣ ጠርዙ ላይ ይቆለላል። ከዚያ አንዷ ቅጂውን ጠጋ ብላ ታያለች። ምልክቱ የተሳበ አይደለም፤ የተጫነ ነው። የሸምበቆው ማዕዘን ጭቃው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ራስና ቀጭን ጭራ ይቀራል። አቅጣጫ ለመቀየር እጅ ከማጠማዘዝ ጽላቱን ማዞር ይቀላል። ክብ መሆኑና መዳፍ ላይ ማረፉ እዚህ ጋ ትርጉም ያገኛል። ትንሽ ከቆዩ ደግሞ ጭቃው ይደርቃል፣ ምልክቱ እምቢ ይላል። የኒፑሩ ልጅ ጽሑፍ ለምን ተንጋደደ የሚለው ጥያቄ መልሱ እጃቸው ላይ ነው።

ይህን ጉብኝት አይሰጥም። ጉብኝት ላይ ሌላ ክፍል ተራ ይጠብቃል። ሣጥን ግን አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሰኞ የጨነቀው ጥያቄ ሐሙስ ይመለሳል። ዓይናፋር ልጅ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ብቻውን ያነሳዋል። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉም ምርጫ ይህ ይበልጣል። መስታወት ለእነሱ ግድግዳ ነው።

ስለ ቅጂ የሚቆረቆሩ አሉ። «የውሸት ነገር ለልጅ ለምን?» ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ቅጂ የሚያታልለው ቅጂ መሆኑ ሲደበቅ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ኦሪጅናሉን የሮዜታ ድንጋይ በመስታወት ይዞ፣ በሌላ አዳራሽ ደግሞ እንደ ልብ የሚነካ ቅጂ አቁሟል። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው፤ እንዲያውም «ቅጂ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሣጥን ስትወስዱ ዝርዝሩን ይዛችሁ እየቆጠራችሁ ተረከቡ፤ ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ካለ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱም እንዲሁ። አያያዙንም ጠይቁ። ብረት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጓንት ይባላል፤ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ለወረቀት ግን ታጥቦ የደረቀ እጅ ይመረጣል፤ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ገጹ ይቀደዳል። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ልጆቹ ተቀምጠው ይያዙ፤ ቆሞ የሚያዝ ዕቃ መሬት ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው።

ባለሙያው ወደ ክፍል ሲመጣ

ይህኛው የሣጥኑና የአስጎብኚው ድብልቅ ነው። ዕቃውም ይመጣል፣ የሚያውቀውም ሰው አብሮ ይመጣል። መጓጓዣ ለሌለው ወይም ከሙዚየም ርቆ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ደካማ ጎኑ አጭር መሆኑ ነው። በአንድ ጠዋት አራት ክፍል እንዲያዳርስ ከተጠየቀ ከአስጎብኚው ሩጫ አይለይም። አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይበቃዋል። እናንተም ክፍሉን ለቃችሁ አትውጡ። የልጆቹን ጥያቄ ሰምታችሁ በነጋታው የምትቀጥሉት እናንተ ናችሁ።

ስክሪን

የሙዚየሞች ዲጂታል ስብስብ ባለፉት ዓመታት በጣም ሰፍቷል። ጉግል በ2011 የጥበብ ፕሮጀክቱን ሲጀምር 17 ሙዚየሞች ነበሩ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ወደ 375,000 የሚጠጉ ምስሎችን ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ። የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን በ2020 ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ምስሎችን በነፃ ሰጠ። ለመምህር ይህ ማለት ፈቃድ ሳይለምን ምስሉን አውርዶ፣ ቆርጦ፣ አትሞ ግድግዳ ላይ መስቀል ይችላል ማለት ነው።

ስክሪን ከጉብኝትም ከሣጥንም የሚበልጥበት ቦታ አለ። መስታወት ውስጥ ያለ ጽላት አንድ ጎኑ ነው የሚታየው። ጀርባው ላይ ያለው የተማሪው ጽሑፍ ከሆነ ጎብኚው ቀረበት ማለት ነው። በስሪዲ ግን ይገለበጣል። ብርሃኑን ከጎን ያስመቱት እንደሆነ ጥላው ይረዝምና በዓይን ያልተለየ ምልክት ብቅ ይላል። ኩኒፎርም የሚባለውን ይህን የጭቃ ላይ ጽሑፍ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተመራማሪው የሚያየውን ማየት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም።

የተበታተነውንም ያገናኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኒፑርን ሲቆፍር ቦታው በኦቶማን ግዛት ሥር ነበር። ግኝቱ ተከፋፈለ። ገሚሱ ኢስታንቡል ሄደ፣ ገሚሱ ፊላደልፊያ። ከአንድ ጽላት የተሰበሩ ቁርጥራጮች ሳይቀሩ በሁለት አገር ተቀመጡ። ልጆች ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን የሚያዩት ስክሪን ላይ ነው፤ በአካልማ ማን ያገናኛቸዋል?

የጠፋም አለ። በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል 20 ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው ስብስቡ አብዛኛው ወደመ። አስቀድሞ በስሪዲ ተቀርጾ የነበረው ግን ቢያንስ ቅርጹ ተረፈ።

እንግዲህ የስክሪን ችግሩ ምንድነው? ክብደት የለውም። ሽታ የለውም። መዳፍ የሚያህለው ጽላትና 25 ሜትሩ አጽም ስክሪን ላይ እኩል ናቸው። ስለዚህ ምስሉን ስታሳዩ መጠኑን አሳዩ። ጽላቱን በትክክለኛ ልኩ ከካርቶን ቆርጣችሁ አስይዟቸው። አጽሙን ግቢ ውስጥ በኖራ አስምሩት። ሁለተኛው ችግር ብዛቱ ነው። «ገብታችሁ ፈልጉ» ተብሎ የተለቀቀ ክፍል ከሙዚየሙ አዳራሽ በባሰ ይጠፋል። አምስት ምስል መርጣችሁ ስጡ፤ ስድስተኛውን እነሱ ይፈልጉ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ምስሉን አስቀድሞ አውርዶ ማተም ከቀጥታ ስርጭት ይሻላል። የታተመ ምስል ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ይደረደራል፣ በእርሳስ ይሞነጨራል። እኔ በግሌ ከፕሮጀክተር የታተመውን እመርጣለሁ። ፕሮጀክተር ሁሉንም ወደ አንድ ግድግዳ ያዞራል፤ ወረቀት ግን አራት ልጆችን ጭንቅላት ለጭንቅላት ያገናኛል።

ለረጅም ጊዜ መተሳሰር

ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም የሚያፈራው ይህ ነው። አንድ ክፍል ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ሙዚየም ጋር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ የተሳተፈበት አንድ ሙከራ እስከ ጫፍ ሄዷል። ልጆች ለሳምንታት መደበኛ ትምህርታቸውን ሙዚየም ውስጥ ተማሩ። ስዋንሲ ውስጥ በብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሙዚየም፣ ሊቨርፑል ውስጥ በቴት የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ ደግሞ በአርቤያ የሮማውያን ምሽግ ነበሩ። ቦታው ከተለመደ በኋላ አዲስነቱ አያደናግርም። ሒሳቡም ንባቡም በቅርሱ ዙሪያ ይሆናል።

እዚያ ድረስ መሄድ አይጠበቅም። በዓመት ሦስት ጊዜ ያው አዳራሽ መመለስ ይበቃል። መጀመሪያ ያያሉ። ቀጥሎ አንድ ቅርስ መርጠው ያጠናሉ። መጨረሻ ላይ የራሳቸውን መግለጫ ጽፈው ከሙዚየሙ መግለጫ ጎን ያነባሉ። መግለጫ መጻፍን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሃምሳ ቃል ብቻ ነው የሚፈቀደው። ምን ይገባል? ምን ይቀራል? ማን የሠራው ይባላል ወይስ ማን ያገኘው? ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ የድርሰት ልምምድ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ትብብር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከቆመ ያ ሰው ሲቀየር ይፈርሳል። ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው ይኑር። የተስማማችሁበትንም በጽሑፍ አኑሩት።

«እዚህ እንዴት መጣ?»

ይህ ጥያቄ የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ይመጣል። ልጅ ይጠይቃል። ደስ ሊላችሁ ይገባል እንጂ አትሽሹት። በ1897 የእንግሊዝ ጦር በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረውን የቤኒን መንግሥት ወርሮ የዘረፋቸው ነሐሶች በብዙ ሙዚየሞች ተበትነዋል። ስሚዝሶኒያን በ2022 ከእነዚህ 29ኙን ለናይጄሪያ መልሷል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ሙዚየምን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ለዚህ ውይይት የሚመቸው ስክሪን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የኦንላይን ካታሎጎች ቅርሱ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ መዝግበው ይዘዋል። አስጎብኚው ጥያቄውን ካድበሰበሰው በነጋታው ክፍል ውስጥ ካታሎጉን ከፍታችሁ አብራችሁ አንብቡ። መዝገቡ ባዶ ከሆነም ባዶነቱ ራሱ መወያያ ነው።

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ከሆኑ ሣጥኑ ይቅደም። እጃቸው ነው የሚያስበው። ጉብኝት ካለም ሣጥኑ ከተመለሰ በኋላ ይሁን። በእጃቸው የነኩትን ነገር ኦሪጅናል ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ሲያገኙት የሚያሰሙት ጩኸት ጥበቃውን ያስደነግጣል፣ እሱን ቀድማችሁ አሳውቁት።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስረጃ ማመዛዘን የምታስተምሩ ከሆነ ስክሪንና ካታሎግ ይበልጣሉ። ሁለት ምንጭ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ይነጻጸራል፣ ይከራከራሉ።

ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ ካለው አንድ ላይ ይዞ መሄድ አይመከርም። በሁለት ቀን ክፈሉት። ካልተቻለ ባለሙያው ይምጣ፤ ወይም ምስል አትሙ።

በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነስ? አንድ ቀን ጉብኝት ወይስ ሣጥን? ልጆቹ ሙዚየም ገብተው የማያውቁ ከሆነ ጉብኝቱን ምረጡ። ያ በር የእነሱም መሆኑን የሚያውቁት ሲገቡበት ነው፤ የክሪስታል ብሪጅስ ጥናትም የሚያሳየው ይበልጥ የሚጠቀሙት እነሱ መሆናቸውን ነው። የለመዱ ከሆነ ግን ሣጥኑ ይሻላል።

በጀት ጭራሽ ከሌለ አምስት የታተመ ምስልና ሦስቱ ጥያቄዎች አሉ። ጭቃ ደግሞ የትም አይታጣም።

ወደ ሙዚየሙ ስትደውሉ አራት ነገር ጠይቁ። ለዚህ የዕድሜ ክልል የሚነካ ነገር አላችሁ? መምህሩ ቀድሞ መጥቶ በነፃ ማየት ይችላል? ለተሽከርካሪ ወንበርና ድምፅ ለሚረብሻቸው ልጆች የተመቸ ሰዓት አለ? ከትምህርት ምዕራፋችን ጋር የሚሄዱትን አምስት ቅርሶች አብረን መምረጥ እንችላለን? ለመጨረሻው ጥያቄ «ፕሮግራማችን የተወሰነ ነው» ከተባላችሁ ፕሮግራሙን ተዉት፤ በራሳችሁ ምሩ። «ኑና አብረን እንምረጥ» ካሏችሁ ግን ቀኑን ዛሬውኑ ያዙ።